ላሚኔት የተደረገው ደብዳቤ

ምዌፑ ኮንጎ ውስጥ ከሉቡምባሺ ኮልዌዚ ከባድ መኪና ሲያመላልስ ኖሮ፣ ጸጉሩ ገብስማ ሲሆን ነው ድንበር ተሻግሮ ዛምቢያ፣ ኪትዌ የገባው። መንዳቱንማ ማን ብሎት! ግን ምን ዋጋ አለው? መንጃ ፈቃዱ የኮንጎ ነው። የዛምቢያው መንጃ ፈቃድ ቢሮ «እውነተኛ መሆኑን አገርህ በደብዳቤ ታረጋግጥ» አለው። አጻፈ። «በፈረንሳይኛ ነው፤ አስተርጉም።» አስተረጎመ። «ዋናው ላይ ያ በእጅ ሲዳበስ የሚታወቀው ደረቅ ማኅተም የለም።» ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ሰው በወረቀት ይነዳል እንዴ?

ሹፌር ሊያደርጉት ቃል የገቡለት የሚኒባስ ባለቤት ባ ሙሶንዳም ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ስማ ምዌፑ፣ እስከ ሰኞ ብቻ ነው። ከዚያ ቁልፉን ለእህቴ ልጅ እሰጣለሁ።»

«ለዚያ ማርሽ ለሚያስጮኸው?»

«እሱ ወረቀት አለው።»

ዓርብ ዕለት ደረቅ ማኅተም ያረፈበት አዲስ ደብዳቤ ከሉቡምባሺ በአውቶቡስ መጣለት። ለሚስቱ ለካፒንጋ «እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂልኝ» ብሎ ሰጣት። ካፒንጋ ደግሞ ባለፈው ክረምት ጣራው አፍስሶ የልጆቿን የልደት ወረቀት ገንፎ ካደረገባት ወዲህ ዝናብ አታምንም።

ሰኞ ጠዋት ስታወጣው ያብረቀርቃል። ፎቶ ቤት ወስዳ በፕላስቲክ ላሚኔት አስደርጋዋለች።

«አንቺማ ሚኒስትር መሆን ነበረብሽ!» ብሎ ግንባሯን ሳማት። በዚያ ሰፈር የተከበረ ወረቀት ሁሉ እንዲያ ነው የሚቀመጠው።

መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ደብዳቤውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ ደግማ ዳበሰችው።

«አባባ፣ ማኅተሙ የታለ? የማሽኑ ሙቀት ደፍጥጦታል እኮ።»

«ልጄ፣ ፕላስቲኩን ልላጠው?»

«ከተቀደደማ ጭራሽ ነው። ሌላ ያጽፉ። ቀጣይ!»

ደሙ ፈላ። በካፒንጋ ላይ ሊጮህባት እየተንገበገበ ቤቱ ደረሰ። በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች።

«የኢሉንጋ አባት፣ ተቀበሉህ?»

ደብዳቤውን ብብቱ ሥር ሸጎጠና «ቀኑ አልፎበታል አሉኝ» ብሎ ዋሻት።

«እሳት ይብላቸውና!» አለች። «ግድ የለም፤ የሚቀጥለውንም ላሚኔት አስደርግልሃለሁ።»

በማግስቱ ምዌፑ በዚያው ሚኒባስ በር ላይ ረዳት ሆኖ ተንጠልጥሎ «ቺምዌምዌ! ቺምዌምዌ!» እያለ ወደዚያ ሰፈር የሚሄደውን ይጣራል። የባ ሙሶንዳ የእህት ልጅ ዳገቱ ላይ ማርሹን አስጮኸው፤ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ተሳፋሪው ተንጫጫ።

«ኧረ ለዚህ ማነው መኪና የሰጠው?» አሉ አንዲት እናት ደረታቸውን ይዘው።

«ወረቀት አለው፣ እማማ» አለና በሩን ዘጋ።