የጋሻው ጥንድ በሬ

ጋሻው ሲፈጥረው መቀመጥ አይችልም። ለቅሶ ቤት እንኳ ከድንኳኑ ተነስቶ ሰማዩን አይቶ ይመለሳል። በታች ጋይንት እንደሱ የሚቁነጠነጥ ጎልማሳ ፈልግ ብትሉኝ፣ አላገኝላችሁም። በኮሮናው ዓመት ደግሞ ባሰበት። አርብ ገበያ ተዘጋ፤ በጎቹን ነጋዴ ከደጁ በግማሽ ዋጋ ወሰዳቸው፤ ለዘር ያስቀመጠው ገብስ ተበላ። ግንቦት ገብቶ ሰማዩ ሲጠቁር ጎተራው ባዶ ነበር።

ያን ጊዜ ነው፣ መንግሥት ጥንድ በሬ ለሌለው ገበሬ የዘር መግዣ ሊሰጥ ነው የተባለ። ጋሻው ያለው አንድ በሬ ነው። ከጎረቤቱ ከአወቀ ጋር ተቀናጅተው፣ አንዱን ሳምንት እሱ ጥንዱን ይዞ ያርሳል፣ ሌላውን አወቀ። እንግዲያማ ድጎማው አያመልጠውም!

ምን ያደርጋል፣ የግብርና ሠራተኛዋ መዓዛ ልትመዘግብ የመጣች ዕለት ቤቱ እንግዳ ነበር። አቶ ቀለመ ወርቅ ከወንዝ ማዶ መጥተዋል። ጋሻው ልጃቸውን ለልጁ ጠይቆ፣ እሳቸውም ቤቱን ሊያዩ መምጣታቸው ነው። ሳምንቱ የጋሻው ስለነበር ሁለቱም በሬዎች ከደጅ ታስረዋል።

«ጋሼ፣ ሁለቱም የእርስዎ ናቸው?» አለች መዓዛ።

አቶ ቀለመ ወርቅ ጠላቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። እስቲ ማን ወንድ ነው፣ ልጅ በሚሰጠው ሰው ፊት «አንዱ የሰው ነው» የሚል?

«የማን ሊሆኑ ኖሯል!» አለ ጋሻው አፉን ሞልቶ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! መዓዛ ጽፋ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለ፣ እህል የለ። ሄጄ እውነቱን ልናገር ብሎ ይነሳና፣ ወሬው ወንዝ ይሻገራል ብሎ ከመንገድ ይመለሳል። ሚስቱ የኔነሽ «ኧረ ሰውዬ፣ ወይ ሂድ ወይ ተቀመጥ!» እስክትለው ድረስ። በመክፈያው ቀን ግን የመጣው ይምጣ ብሎ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ገሰገሰ።

ሰው ተሰልፏል። ከፊቱ አንድ ሰው ማስኩን እስከ ዓይኑ ስቦ፣ ጋቢውን አናቱ ላይ ጥሎ አንገቱን ደፍቷል።

«አቶ ቀለመ ወርቅ!» ብላ ጠራች መዓዛ። ሰውዬው ሄዶ ብሩን ተቀበለ።

ጋሻው ክው አለ። እቤቱ ተቀምጠው ስለ በሬዎቻቸው ጉልበት ሲያወሩለት የዋሉ ሰውዬ!

አቶ ቀለመ ወርቅ ዘወር ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። «በበጋው ሸጥኋቸው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እርስዎን አፍሬ ነው ያን ሁሉ ያወራሁት። እንዲያውም ዘሩን ልግዛና፣ እርስዎ ጥንድ በሬ አለዎት፣ እንዲያርሱልኝ ልለምንዎ ነበር።»

ጋሻው ተናደደ፣ አፈረ፣ ሳቁም መጣበት። «አንዱ የአወቀ ነው» አለ።

አቶ ቀለመ ወርቅ ማስካቸውን አወረዱ። ወደ መዓዛ ዞረው ጮሁ፦ «ልጄ፣ እኚህ ሰው ያላቸው አንድ በሬ ብቻ ነው! እኔ ምስክር!»

«ምዝገባው እኮ ተዘግቷል» አለች መዓዛ፣ ከልቧ አዝና። «ምነው ጋሼ፣ ያን ዕለት ቢነግሩኝ?»

«ያን ዕለትማ» አለ ጋሻው፣ «እኚሁ ሰው ተቀምጠው ነበራ!»