የደበቅሁት ዓይን

ሥዕል ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው። አጎቴ ቢሆኑም የኔታ ነው የምላቸው፤ ሰቆጣ ዙሪያ የእሳቸው እጅ ያላረፈበት ቤተ ክርስቲያን ጥቂት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮ ስለማልገባ ወደ ቤታቸው እወጣለሁ። ገና ከበሩ ስደርስ፣ "ግቢ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ" ይሉኛል። ደህና አደርሽ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ብሎግ ክፈቺ ያለችኝ ከደሴ ተመድባ የመጣች የቢሮ ባልደረባዬ ናት። ሥዕሎችሽ ከአልጋ ሥር አቧራ ከሚጠጡ ሰው ይያቸው አለችኝ። እኔ አኩራፊ ነኝ፤ ሰው ሊስቅብኝ ነው ብዬ እምቢ አልሁ። እሷ ግን ነዝንዛ ነዝንዛ አስከፈተችኝ። በየሳምንቱ አንድ ሥዕል፣ ከሥሩም ሁለት ሦስት መስመር። መስኮት ሥር አስቀምጬ በስልክ አነሳዋለሁ፤ ኔትወርክ ሲመጣ እለጥፋለሁ፣ ሲቀር እራገማለሁ። ለወራት የሚያዩት እሷና እኔ ብቻ ነበርን።

ከዚያ የኔታን ሸራቸው ላይ ጎንበስ ብለው ሲሠሩ ሣልኋቸው። ግራ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ነጭ ሆኖ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል፤ ሰው እንዲህ ሆነው እንዲያያቸው አልፈለግሁም። ስለዚህ በደህናው ዓይናቸው በኩል ዞሬ፣ በጎን ሣልኋቸው። እውነቱን ልናገር፣ አምሮብኝ ነበር። በለጠፍሁት በሳምንቱ ከማላውቀው አገር ሁሉ ሰው ይጽፍልኝ ጀመር። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰውማ ለአውደ ርዕይ ካልሰጠሽኝ አለኝ። የቢሮውን ሥራ እስክረሳ ድረስ ስልኬን ስከፍትና ስዘጋ ሰነበትሁ።

ቅዳሜ ስሄድ የኔታ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ግቢ አላሉኝም። ለካ ጎረቤታቸው ቄስ ሥዕሉን በስልክ አሳይተዋቸው ኖሯል። ሲቆጡ ወደ አፍ መፍቻቸው፣ ወደ ኽምጣንጋ ነው የሚገቡት፤ ያን ቀን ግን በአማርኛ፣ ቀስ ብለው ተናገሩኝ።

"በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን ነው ብዬ ነበር ያስተማርሁሽ?"

ክው አልሁ። የመጀመሪያ ትምህርቴ እኮ እሱ ነበር። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው።

"የታመመውን ልደብቅልዎ ብዬ ነው፣ የኔታ።"

"ቢጠፋም ዓይኔ ነው። እግዜር የሰጠኝ ሁለት ነው" አሉና በሩን ዘጉት።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት እኔ ነኝ። ቁልቁለቱን እያለቀስሁ ወረድሁ። ተናደድሁም፤ በራሴም፣ በእሳቸውም። አገር ምድሩ የወደደውን ሥዕል አጎቴ ስለጠሉት ላጥፋው? ባልደረባዬም ተይው፣ እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ አይመጣም፣ እሳቸው ይረሱታል አለችኝ። እሷ የኔታን አታውቃቸውም፤ የኔታ አይረሱም። በዚያ ላይ ያ በር ከተዘጋብኝ ሥዕሌን ወስጄ ለማን ነው የማሳየው? የእሳቸውን "ደህና ነው" የሚያህል ምስጋና ከየትም ተጽፎልኝ አያውቅም።

አጠፋሁት። ሸራውን በነጭ ቀለም ሸፈንሁትና ለአዲስ አበባው ሰው ሥዕሉ የለም ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ በዚያው ሸራ ላይ የኔታን ፊት ለፊት ሣልኋቸው። ዓይናቸውን አላስተካከልሁም፤ ነጩን ነጭ አደረግሁት። ከሥሩ "ያስተማሩኝ ሰው" ብቻ ብዬ ለጠፍሁት። ከባልደረባዬ በቀር ማንም ምንም አላለበትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስልኬን ይዤ ወጣሁ። የኔታ በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱ። ስልኩን ሰጠኋቸው። ወደ ደህናው ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ፤ እኔም ደጃፉ ላይ እንደቆምሁ ነኝ። ቀለም በነካው ጣታቸው ሥዕሉ ላይ አንዱን ዓይን ነኩ። ከዚያ ነጩን ነኩ። ስልኩን መለሱልኝና ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዞሩ።

"ግቢ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ።"