መርዶውን ትተው ፊደሌን ያረሙ ሰዎች

ከዓመታት በፊት ያን ዓርብ፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን የነበርነው እኔ፣ ከጁምዓ ሶላት የተመለሰው ባለቤቴ ሁሴን፣ አራት ዓመት ያልሞላት ልጄ ሰሚራ፣ ከጎረቤት ሰፈር ከአስፐን ሂል የመጡት እትዬ ፋጡማና ጋሽ እንድሪስ ነን። ሌላ ሰው አልነበረም። በስም የምቆጥራቸው ነገሩን ከእነሱ ሌላ በቅርብ ያየ ስለሌለ ነው።

ይህን ትዝታ የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት ያየሁት ነው። በሕንፃችን እናቶች ግሩፕ ላይ አንዲት ሴት ልጇን ትኩሳት ይዞት ቅዳሜ የሚከፍት ክሊኒክ እንዳለ ጠየቀች። አጻጻፏ የተዘበራረቀ ነው። የመጀመሪያው መልስ «እህቴ፣ መጀመሪያ ፊደል ቁጠሪ» የሚል ሆነ፤ ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደረደረ። ስልኬን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። መልሼ አንስቼ የማውቀውን ክሊኒክ ጻፍኩላት።

ያን ዓርብ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጓደኛዬ ዘሃራ ከወንዙ ማዶ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ትኖር ነበር፤ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ከኮምቦልቻ የአንድ ሰፈር ልጆች ነን። እኔ ከአራተኛ ክፍል ስቀር እሷ ቀጠለች፤ እዚህ ከመጣን በኋላም ደብዳቤና ፎርም የምታነብልኝ እሷ ነበረች። በዚያ ሳምንት እናቷ ማረፋቸውን ወንድሟ ከአገር ቤት ደውሎ ለሁሴን ነገረው። በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሥራ ላይ ላለ ሰውም አይነገርም። ቅዳሜ ንጋት፣ ከቤት ሳትወጣ፣ ሽማግሌ ይዘን ልንሄድ ተስማማን።

እትዬ ፋጡማ ለለቅሶው ንፍሮ ይቀቅላሉ። ጋሽ እንድሪስ ማን በማን መኪና እንደሚሄድ ይደለድላሉ። አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ፤ እዚህ ታክሲ ይነዳሉ። ውጭ ቅጠሉ ረግፎ፣ ዝናብ መቶት አስፋልቱ ላይ ተለጥፏል። ቤቱ የስንዴና የባቄላ ሽታ ሞልቶታል። እሷ የማታውቀውን ሐዘን እኛ ድስት ጥደን እንጠብቃለን፤ ይህ ራሱ ከብዶኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሁሴን ስልኩን ይዞ መጣ። «እስቲ ይህን እዪ።»

የአገራችን ልጆች የሚገናኙበት ፌስቡክ ገጽ ላይ የዘሃራ እናት ፎቶ ተለጥፏል። «አላህ ይርሐማቸው፤ ለእህታችን ዘሃራ ሶብሩን ይስጣት» ይላል። የለጠፈው ሰው በራሱ ስም አይጠቀምም፤ ማን እንደሆነ አናውቅም።

«ዘሃራን ኮል አድርጊና ፌስቡክ አትክፈቺ በያት» አለ ሁሴን።

«ለምን ስትለኝ ምን እላታለሁ?»

ስልኩን እጄ ላይ አኖረው።

ስለዚህ እዚያው ገጽ ላይ ጻፍኩ። በስልክ አማርኛ መጻፍ ገና መልመዴ ነው፤ ሰሚራ ጭኔ ላይ ትገላበጣለች። ፊደሉ ተደበላለቀ። ያልኩት ግን አጥፉት፣ መርዶ አልተነገራትም፣ ይህን ብቻ ነው።

መልሱ ወዲያው ጎረፈ። «ይህ ደግሞ የየት አገር ቋንቋ ነው?» «እናቴ፣ የማታ ትምህርት ይጀመርልሽ።» አንዱ ቋንቋችንን የገደላችሁት እናንተ ናችሁ አለኝ። ሌላው፣ ፌስቡክ ላይ ማን ሰዋስው ይጠብቃል፣ ተዋት እንጂ ብሎ ተከራከረልኝ። በዚያ ላይ እርስ በርስ ተያያዙ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ከመቸኮሌ የተነሣ ባሰበት። በመጨረሻ አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ዓረፍተ ነገሬን አስተካክሎ ጻፈው፦ «እባካችሁ ጽሑፉን አጥፉት፤ ልጅቷ መርዶ ገና አልተነገራትም።» ከዚያም «እንዲህ ነው የሚጻፈው» አለኝ። ላይኩ ዘነበለት። ፎቶው ግን ከነስሟ እዚያው ነው።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አልገባንም ቢሉኝ ይቅር እላቸው ነበር። ገብቷቸዋል። ያልገባው ሰው እንዴት አድርጎ ያርማል? ለጣፊውን የሚያውቅ፣ በግል አንድ መልእክት ሊልክ የሚችል ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አይጠፋም ነበር። ለነጥቡና ለነጠላ ሰረዙ ጊዜ ነበራቸው፤ ለዘሃራ አልነበራቸውም።

ጋሽ እንድሪስ ስልኩን ተቀብለው አነበቡ። «ይሄ ተማሪዬ ቢሆን በርበሬ አጥነው ነበር» አሉ።

«አሁን የማጠኛ ሰዓት ነው? ይልቅ መኪናዎን ያስነሡ» አሏቸው እትዬ ፋጡማ ከማድ ቤት።

ነገን ሳንጠብቅ ልንሄድ ተነሣን፤ ከመውጣታችን በፊት ፌስቡኩን እንዳትከፍት በወሬ ልይዛት ብዬ ለዘሃራ ደወልኩ። የሰሚራን ሳል ምን ላድርገው አልኳት።

«ማር ስጫት። ለዚህ ነው በሥራ ሰዓት የምትደውዪው?»

እንዳይታወቅብኝ ሳቅሁ። ስለ ጫማ አነሣሁ፣ ስለ ሽንኩርት አነሣሁ፣ ደግሜ ሳቅሁ።

«ዛሬ ጤነኛ አይደለሽም። በይ አለቃዬ መጣች» ብላ ዘጋችው።

የዓርብ ከሰዓት ቤልትዌይ፣ ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና ነው፤ ወደ አሌክሳንድሪያ የሚያሻግረው ድልድይ ጋ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ስንደርስ ዘሃራ ከነዩኒፎርሟ መጦሪያው ደጃፍ ላይ፣ የእናቷ ፎቶ የበራበትን ስልክ ይዛ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ማንም የለም። ጋሽ እንድሪስ በመንገድ ሙሉ ሲያዘጋጁት የመጡትን ቃል ዋጡት።

ቀና ብላ እኔን ብቻ አየች። «ስትደውዪልኝ ታውቂ ነበር?»

«አዎ» አልኳት።

«ትስቂ ነበር» አለች።

ለቅሶዋን አብረን ተቀመጥን፤ ያመጣሁላትን ምግብ ግን ከእጄ አልተቀበለችም። ክረምቱ ሳይወጣ ስልኳን ቀይራ ከአሌክሳንድሪያ ሄደች።

በትክክል መጻፍ አይጠቅምም አልልም። ሰሚራን እያለቀሰች ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ይህን የምታነቡትን ጽሑፍም ጋሽ እንድሪስ አርመውልኛል። እሳቸው ግን እርሳስ ከማንሳታቸው በፊት «ምን ልትዪ ፈልገሽ ነው?» ብለው ይጠይቁኛል፤ መልሴን ሰምተው ነው የሚያርሙት። ያን ቀን ያረሙኝን አዋቂዎች ዛሬም አልወዳቸውም፤ ይቅር ማለትም አልቻልኩም።

ዘሃራ አንዳንዱ አትላንታ ናት ይላል፣ አንዳንዱ ዴንቨር። ረዘም ያለች ናት፤ በግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አላት። ያያት ሰው ካለ ደኅና መሆኗን ይንገረኝ።