አንድ ሚሊዮን አንድ

የሽምብራ እሸት ቅጠሉ ጣት ላይ የሚተወው ኮምጣጣ ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት ወረታ መገንጠያው ላይ፣ በባጃጁ ጩኸት መካከል፣ ሁለት እስር ገዝቼ ጣቴን ብልሰው ጓደኛዬ ድቅን አለችብኝ፤ በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሳ፣ ጠመኔ በእጇ ይዛ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነበር። ከክፍላችን ሴቶቹ እኔና እሷ ብቻ ነበርን፤ አንድ አግዳሚ ላይ ነበር የምንቀመጠው። አንድ ቀን የሒሳብ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ አንድ ሚሊዮን አንድ ብለው ጻፉና «ከአንድና ከራሱ ሌላ ይህን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ቁጥር ካለ አምጡልኝ» ብለው ወጡ። ወንዶቹ በማግስቱ ረሱት። እሷ ግን የሙጥኝ አለች፤ ምክንያት ነበራት። ሰርጓ ለጥር ተቆርጧል።

«ይህን ካመጣሁላቸው አስተማሪው ራሳቸው አባቴን ይለምኑልኛል» አለችኝ። «አባቴ ያከብራቸዋል፤ ትምህርቷን ትጨርስ ቢሉት እንቢ አይላቸውም።»

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ስንመለስ ውሏችን የአባቷ አውድማ ሆነ። ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል፤ በእበት የተለቀለቀው መሬት ከሰሌዳ ይሻል ነበር። ዙሪያውን ሜዳው ሽምብራና ጓያ ለብሶ፣ እሸት እየበላን፣ ከትምህርት ቤት በለቀምነው የጠመኔ ስብርባሪ እናካፍላለን። የምንሞክረው ራሳቸው አካፋይ በሌላቸው ቁጥሮች ብቻ ነው። በሰባት አካፈልን፤ ሁለት ተረፈ። በአሥራ አንድ ሁለት። በአሥራ ሦስትም ሁለት።

«አየሽ፣ የምንተርፈው እኔና አንቺ ነን!» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ያን ሳቋን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

እሷ ታካፍላለች፣ እኔ አያለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ሰነፍ ነበርሁ። ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ዘጠና ሰባት ላይ ደረስን፤ ሃያ ስምንት ተረፈ። ፀሐይዋ ወደ ጣና አዘቅዝቃለች። እናቷ ከቤት «ነይ እንጂ፣ እንሶስላ ትሞቂያለሽ!» እያሉ ይጣራሉ።

«አንዲት ልጨምር» አለችኝ።

«ምነው እቴ! እስከ መቶ ከታጣማ የለውም ማለት ነው» አልኋት።

«ታዲያ ባዶ እጄን ምን ብዬ ልሂድ?» አለች። አመነችኝ፤ ሁልጊዜም ታምነኝ ነበር። ጠመኔዋን እጄ ላይ አስቀምጣ ገባች። ለአስተማሪውም ለአባቷም ምንም ሳትናገር በበቅሎ ወደ ይፋግ ወሰዷት።

በሳምንቱ አግዳሚው ላይ ብቻዬን ተቀምጬ፣ ለትምህርቱ ሳይሆን ስለናፈቀችኝ፣ የሚቀጥለውን ሞከርሁ። መቶ አንድ። ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ጊዜ ደርሶ ምንም ሳይተርፍ አለቀ። አንዲት ነበረች የቀረችን። ደብተሬን ዘግቼ አለቀስሁ፤ ለማንም አልተናገርሁም።

የገዛሁትን እሸት ይዤ ይፋግ ሄድሁ። አሁን ዐይኗ ደክሟል፤ በድምፄ ነው የምታውቀኝ። አጠገቧ አስቀምጣኝ፣ በተገናኘን ቁጥር የምትጠይቀኝን ጠየቀችኝ።

«ያ ቁጥራችንስ? እስካሁን የሚያካፍለው አልተገኘም?»

«የለውም እኮ» አልኋት፣ እንደ ሁልጊዜው።

«እሰይ» አለች፣ ጉልበቴን መታ መታ እያደረገች። «እንኳንም አባቴን በከንቱ አላስቸገርሁት።»

ሽምብራውን ፈለፈልሁላት።