ሳያንኳኩ የቆሙ ሰዎች

ዳላስ ውስጥ የስልክ ኩባንያ ኢንጂነር ነበርኩ። ኩባንያው ሠራተኛ ሲቀንስ እኔንም ቀነሰኝና፣ ሞገድ ማንበብ የሚችል ሰው የሚፈልግ ቤተ ሙከራ ገባሁ። እዚያ የሚጠናው ከእንጉዳይ የሚወጣ፣ ሰውን በቁሙ የሚያስቃዥ መድኃኒት ነው። የእኔ ሥራ የታማሚውን ጭንቅላት በሽቦ የአንጎል ሞገድ ከሚያሳይ ማሽን ጋር ማያያዝና አጠገቡ መቀመጥ ነው። ዘመድ ሁሉ «ተምረህ ተምረህ ጠንቋይ ቤት ገባህ?» ይለኛል። ይበሉ! እኔ ስክሪን ላይ ያልታየ ነገር አላምንም ነበር።

ያን ሰሞን እናቴ አዲስ አበባ ታማ ተኝታለች። ትኬቴን ቆርጬ፣ ጥናቱ አልቆ እሷን የማይበትን ቀን ብቻ ነው የምጠብቀው። አንድ ማለዳ ከቤት ሳልወጣ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«ዛሬማ ሾርባው ጨው የለውም ብላ ሠራተኛዋን ስትቆጣ ዋለች» አለኝ።

እናቴ ከተቆጣች ድናለች ማለት ነው። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁና ወደ ሥራ ሄድኩ።

የዚያን ቀን ታማሚ ካንሰር ያለባቸው፣ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። መድኃኒቱን ከዋጡ በኋላ ዓይናቸውን በጨርቅ ሸፍነን አስተኛናቸው። ደንባችን ታማሚው አየሁ የሚለውን አለመካድ፣ አለመጨመርም ነው። መጠየቅ ብቻ ይፈቀዳል።

ረፋዱ ላይ እጄን ጨበጡኝ።

«በርህ ላይ ሰዎች ቆመዋል።»

ዞሬ አየሁ። ማንም የለም። «ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«ምንም። አንዷ ነጭ ጨርቅ አፏ ላይ ይዛለች። ሽማግሌው እጁን ያነሣል፣ መልሶ ያወርዳል። ለምንድን ነው የማያንኳኩት?»

ስክሪኑን አየሁ። ሞገዱ እንደ ወትሮው ነው። በሩን ግን ደግሜ አየሁ። እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም፤ ተሰብስበን፣ ሰውየው ሥራ ሳይሄድ፣ በማለዳ በሩ ላይ እንደርሳለን። ይህን እኚህ ሰውዬ ከየት ያውቁታል? ፈራሁ። ወዲያው ሾርባው ትዝ አለኝና ራሴን ሰደብኩ።

ከሥራ ወጥቼ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ያለው አፓርታማዬ ጋ ስደርስ የማውቃቸው መኪኖች ተደርድረው ቆመዋል። ሰዎቹ በሬ ላይ ናቸው። የአክስቴ ልጅ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። የእድራችን ሽማግሌ ቀድመው አቀፉኝ፤ መናገር አላስፈለጋቸውም። እናቴ ከሞተች ሰንብታ ኖሯል። ወንድሜ መርዶው እስኪደርሰኝ ነበር በየቀኑ የሚዋሸኝ።

አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ የአክስቴን ልጅ «ምነው በማለዳ ሳትመጡ?» አልኳት።

«መጥተን ነበር እኮ። ማለቴ፣ ፓርክ አድርገን በርህ ጋ ደረስን። ሶ፣ ሽማግሌው ሊያንኳኩ እጃቸውን ያነሣሉ፣ መልሰው ያወርዳሉ።»

«ለምን?»

«ከውስጥ ስትስቅ ሰማንህ። ‹ዛሬን ይሳቅ፣ ማታ እንነግረዋለን› አሉና ይዘውን ተመለሱ።»