የቀይ አዞ ካሴት ጀርባ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት እናቴ ጋቢና ቂጣ ጠቅልላ ሰጥታኛለች። የቀበሌ ጥበቃ በራችን ላይ ቆሞ «ጴጥሮስ አንተ ነህ? አዳራሽ ትፈለጋለህ» ብሎኝ ነበር። በዚያ ዘመን «ትፈለጋለህ» የተባለ ሰው ለእራት ይመለስ አይመለስ ማንም አያውቅም። በአርባ ምንጭ ላይኛው ከተማ፣ ሼቻ፣ አዳራሹ ጋ እስክደርስ ኃጢአቴን ስቆጥር ሄድኩ። ገብቼ ሳይ የጠበቀኝ ጊታር ነው።

ጊታሩን አወቅሁት። አንድ ሊድ፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ አንድ ሙሉ ድራም። ሁሉም የቤተ ክርስቲያናችን ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ ዕቃው ተመዝግቦ ተወስዷል። ቤዙን ስድስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ የመታሁት እኔ ነኝ፤ ጀርባው ላይ ያለው ጭረትም የኔው ቀበቶ የጫረው ነው።

ከጠረጴዛው ኋላ ጓድ አያሌው ተቀምጧል። የኪነት ጉዳይ ኃላፊ ነው፣ የጎጃም ሰው፣ ቀጭን፤ ሲናገር ሦስት ሰው እየሰማው እንኳ ለሦስት ሺህ ሰው ነው የሚናገረው።

«እነዚህ መሣሪያዎች አብዮቱን እያሻጠሩ ናቸው!» አለኝ። «ሲመቱ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ!»

ክሮቹ ላልተው ነው። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ቃኘኋቸውና አንድ ኮርድ መታሁ። ጓድ አያሌው ብድግ አለ። «ከዛሬ ጀምሮ የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ነህ!»

«ጓድ፣ እኔ እኮ ዘፈን አላውቅም። የማውቀው መዝሙር ብቻ ነው።»

«ኮርዱ ያው ነው» አለ ከጥግ አንድ ወፍራም ድምፅ። «መዝሙርም ማርሽም ሦስት ኮርድ ነው። ና፣ ተቀመጥ።»

ድምፁ የጋሽ ሙሉጌታ ነበር። በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ትራምፔት ሲነፋ ኖሮ አርባ ምንጭ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ የባንዱ መሪ ሆኗል። ከድራሙ ኋላ ደግሞ ዳና ተቀምጧል፣ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ላንቴ ሙዝ የሚያለማ የኔ ዕድሜ ሰው። ዘፋኛችን አስካለ የግብርና ቢሮ ታይፒስት ናት። አራት ሆንን። እናቴ የሰጠችኝን ቂጣ ለአራት ተካፍለን በላን።

የባንዱን ስም ያወጣው ጓድ አያሌው ነው። «ቀይ» ለአብዮቱ፣ «አዞ» ለጫሞ ሐይቅ፤ ቀይ አዞ የኪነት ቡድን። ጋሽ ሙሉጌታ ለመናገር አፉን ከፈተ፣ ከዚያ መልሶ ዘጋው። ጦር ሠራዊት ያስተማረው ትልቁ ነገር ይሄው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት መከራ ነበሩ። ምን ዓይነት የትግል ዘፈን ቢሰጡኝ ጣቶቼ ወደ እሑድ ይመልሱታል። ዳናም ያደገው እዚያው ቤተ ክርስቲያን ነውና ተከትሎኝ ይዘገያል። ሁለታችን ስንገናኝ «ወደፊት» የሚለው ዘፈን ወደ ጸሎት ይሄዳል። ጋሽ ሙሉጌታ መሬቱን በጫማው እየመታ ይጮኻል፦ «እናንተ ልጆች! ይሄ ሰልፍ ነው እንጂ ቀብር አይደለም! ሰውየው እኮ ሊዋጋ ነው የሚሄደው!»

አሁን ወደ ማርታ ልምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እሷ ናት።

ማርታ ላንቴ የሚኖሩት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የአቶ ዛላ ልጅ ናት። የመዘምራኑ መሪ ድምፅ እሷ ነበረች። ቤተ ክርስቲያኑ ሳይዘጋ በፊት ሽማግሌ ልኬ አባቷ «እንጸልይበታለን» ብለውኛል፤ በእኛ አገር ይሄ ግማሽ እሺታ ነው። ቀይ አዞ ከገባሁ በኋላ ግን መልሱን በዳና በኩል ላኩልኝ፦ «ጊታራችን ተወሰደ፤ እሱም ጊታሩን ተከትሎ ሄደ። ልጄን ለዘፋኝ አልሰጥም።» ዳና መልእክቱን እየነገረኝ ዓይኔን ማየት አልቻለም። እኔም ያን ቀን ልምምድ ላይ አንድም ኮርድ በቦታው አልመታሁም።

ከማርታ የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንድ የስልሳ ደቂቃ ካሴት። መዘምራኑን በአንድ ማይክሮፎን እኔው ራሴ የቀዳሁት ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። በላዩ ሌላ ድምፅ ተቀድቶ እንዳይጠፋ የካሴቱን ሁለት ጥርሶች ሰብሬ፣ ከሣጥኔ ሥር በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጓድ አያሌው መጣና «የቀይ አዞ የመጀመሪያ ካሴት ነገ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን!» አለ። የዘፈኖቹ ግጥም በሦስት ቅጂ ታይፕ ተደርጎ ተፈቅዷል፤ ቴፑም አለ። ባዶ ካሴት ግን የለም። በታችኛው ከተማ፣ በሲቀላ ያሉትን ሱቆች በሙሉ አዳረስኩ። «የሚመጣው ሳምንት» ይሉኛል። ወደ አዳራሹ ስመለስ ጋሽ ሙሉጌታ ትራምፔቱን እየወለወለ «ካሴቱስ?» አለኝ።

ምን ልበላችሁ! ፈራሁ። ቤት ሄጄ ጨርቁን ፈታሁ። የተሰበሩትን ጥርሶች ቀዳዳ በፕላስተር ሸፈንኩና አዳራሹ ተመልሼ የማርታን ድምፅ ቴፑ ውስጥ ከተትኩት። ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተጫንኩ። «ቤተ ክርስቲያኑም ተዘግቷል፣ እሷም ተከልክላለች፣ ማን ሊያደምጠው ነው?» ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ማይክሮፎኑን ከጣሪያው በገመድ አንጠልጥለን ቀዳን። ፊቱን ሞላነው። ጀርባው ላይ ሃያ ሰባት ደቂቃ ስንደርስ ዘፈን አለቀብን። ቴፑን አጠፋሁት። በሳምንቱ ባዶ ካሴቶች ሲገቡ ዋናውን ለሚያባዛው የሙዚቃ ቤት ባለቤት ሰጠሁት፤ እሱም ሁለቱን ቴፕ አገናኝቶ አስጀመራቸውና አብረን ምሳ ልንበላ ሄድን። አርባ ቅጂ ወጣ። አንዱንም እስከ መጨረሻው ያደመጠ ሰው የለም። ካሴቶቹ ለቀበሌዎች፣ ለገበሬ ማኅበራት፣ ለአውቶብስ ሾፌሮች ታደሉ።

ሙያውን የምታውቁ ገብቷችኋል። ለማታውቁት ልንገራችሁ፦ ቴፕ አሮጌውን ድምፅ የሚያጠፋው አዲሱ በደረሰበት ቦታ ድረስ ብቻ ነው። ጀርባው ላይ ሦስት ደቂቃ ተርፋለች። በዚያች ሦስት ደቂቃ ውስጥ ማርታ አለች።

ይሄን ያወቅሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲቀላ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ሱሪ ላስጠብብ ቆሜ ነው። ሰውየው የኛን ካሴት ያጫውታል። ኩራት ይዞኝ ደረቴን ነፋ አድርጌያለሁ። የመጨረሻው ዘፈን አለቀ፣ «ቀጭ» አለ፣ ከዚያ የማርታ ድምፅ በጋሞኛ ጠራ ብሎ ወጣ። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቁሞ አንገቱን ደፋ። ለካ ሌሎቹን ዘፈኖች የሚያሳልፋቸው እዚህ ለመድረስ ኖሯል! ቀና ብሎ አየኝና ዝግ ባለ ድምፅ «ተባረክ» አለኝ። እኔ ግን የሰው ልብስ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ካሴቱ ላይ የተጻፈው የቴክኒሽያኑ ስም የኔ ነው።

በማግስቱ ጓድ አያሌው አራታችንንም አስጠራን። ቴፑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከፈተው። ማርታ ዘመረች። ሦስት ደቂቃ እንደዚያ ረዝማ አታውቅም። አስካለ ጣራ ታያለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ጓድ አያሌው። «በአገርኛው ቋንቋ ስለሆነ አልገባኝም። ዳና፣ ተርጉም!»

ዳና ውሸት አያውቅበትም። እውነቱን ተረጎመ። «ስለ ውሃ ነው፣ ጓድ። የተጠማ ሁሉ ይምጣ፣ ውሃው አለ፣ በነፃ ነው፣ ይላል።»

«መስኖ!» ጓድ አያሌው ጠረጴዛውን መታው። «ስለ መስኖ ነዋ! ታዲያ ውሃውን የሚሰጠው ማን ነው?»

ዳና ወደ እኔ አየ፣ እኔ ወደ መሬት።

«ስሙ… እዚች ላይ አልተጠቀሰም፣ ጓድ።»

«ገባኝ፣ ገባኝ። ሰፊው ሕዝብ ነው።» ተነስቶ ክፍሉን ዞረ። «ጓዶች፣ ከካሴቱ ሁሉ ጥሩው ዘፈን ይሄ ነው። ለምን መጨረሻ ላይ ሸጎጣችሁት? ለአብዮት በዓል መድረክ ላይ ይቀርባል! ይህች ጓዲትም ትምጣ። የት ነው ያለችው?»

«ላንቴ» አልኩ ሳላስበው።

ስንወጣ ጋሽ ሙሉጌታ ክርኔን ያዘኝ። «አርባ ዓመት ማርሽ ነፍቻለሁ፤ መዝሙር አይጠፋኝም» አለኝ በጆሮዬ። «እኔ ምንም አልሰማሁም። አንተ ግን ዝም ብለህ ኮርድህን ምታ።»

ላንቴ የሄድኩት በዳና የሙዝ ጋሪ ነው። አቶ ዛላ ከጓሯቸው ሆነው በቦዩ ውሃ ይመልሳሉ። «ሳሮ፣ አባባ» ብዬ በጋሞኛ ሰላም አልኳቸው። አካፋቸውን አልለቀቁም።

«መልሴን ዳና አላደረሰም?»

«አድርሷል። እኔ የመጣሁት… ማርታ ለአብዮት በዓል መድረክ ላይ እንድትወጣ ታዝዛለች።»

አካፋው ወደቀ። «ልጄ? በካኪ? ምን ልትዘፍን?»

«መዝሙር።»

«የቱን መዝሙር?»

ነገርኳቸው። ውሃው ቦዩን አልፎ እግራቸውን እያራሰው ነው፣ አላዩትም። ማርታ ከቤት ወጥታ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። እኔን እያየች ነበር፤ አስተያየቷ ደግሞ ምርቃት አይመስልም።

«ማን ሊሰማ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ከተማው ሁሉ። ድምፅ ማጉያውም ቤተ ክርስቲያናችን የነበረው ነው።»

ሽማግሌው ፊታቸውን አዙረው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ለካ እየሳቁ ነው።

በዓሉ ደረሰ። ማርታ ካኪ ለብሳ ወጣች፤ ሰፍቷት እጅጌውን ሁለት ጊዜ ጠቅልላዋለች። አቶ ዛላ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የፈራሁት አንድ ነገር ነው፦ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው፣ አንድ ቂመኛ፣ «ይሄ እኮ መዝሙር ነው» ካለ ማርታም አባቷም እኛም አልቆልናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ደግሞ ቀስ ብዬ መምታት ተፈቀደልኝ።

ማርታ ጀመረች። ከዚያ ከኋላ አንዲት የሲቀላ ቅቤ ነጋዴ አብራት አዜመች፣ ቀጥሎ አንድ አስተማሪ፣ ቀጥሎ ከጨንቻ ደጋ የወረዱት ሁሉ። ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጓድ አያሌው ይህን አየና እሱም ባርኔጣውን አውልቆ በሌላው እጁ ቡጢውን ወደ ላይ አነሳ። እንባውም ወርዷል። ውሸት አልነበረም፤ ሰውየው ከልቡ ስለ መስኖ አለቀሰ።

ሲያልቅ አንዲት አሮጊት ራሷን ረስታ «አሜን!» ብላ ጮኸች። ጋሽ ሙሉጌታ ግን ማይክሮፎኑን ነጥቆ «ኢምፔሪያሊዝም!» አለ። ሕዝቡም ባንድ ድምፅ «ይውደም!» አለ፤ አሮጊቷም ከማንም በላይ «ይውደም!» አለች። ጓድ አያሌው ዞሮ «ሕዝቡ ነቅቷል!» አለኝ።

መዝሙር መሆኑን ማንም አልጠቆመም። ያኔም፣ ከዚያ በኋላም።

በሳምንቱ አቶ ዛላ አስጠሩኝ። «ልጄ፣ በድዬሃለሁ» አሉኝ። «ከዳን ስንልህ አንተ መዝሙራችንን በቀይ ካሴት ሸሽገህ ቤት ለቤት አደረስክ። እንዲህ ያለ ጥበብ ከላይ ካልተሰጠ አይገኝም። ማርታን ውሰድ።» «አባባ፣ እኔ እኮ ረስቼው ነው» ልል አፌ ድረስ መጥቷል። እዚያው ቀረ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰው ነኝ።

ማርታ እስከ ሙዙ ጥግ ሸኘችኝ። «ረስተኸው ነው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ካሴቱ ስልሳ ደቂቃ ነበር፤ ሃምሳ ሰባቱስ የት ገባ?»

እንዲያም ሆኖ አገባችኝ።

ቀይ አዞ ከዚያ በኋላ ሁለት ካሴት አወጣ። የሁለተኛው መክፈቻ፣ በጓድ አያሌው ትእዛዝ፣ የማርታ «የመስኖ ዘፈን» ነበር። ሦስተኛው ላይ ጋሽ ሙሉጌታ ብቻውን ማርሽ ነፋ፤ ማንም አልወደደውም፣ እሱ ግን እስኪሞት ድረስ ምርጡ ሥራችን እሱ ነው ይል ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ቤተ ክርስቲያኑ ተከፈተ፣ ቤዙም ወደ ቦታው ተመለሰ።

የዚያን ጊዜ አቶ ዛላ ጉባኤው ፊት እንድመሰክር አቆሙኝ። ውሸቱ አስራ ምናምን ዓመት ደረቴ ላይ ተቀምጧል፣ ደከመኝ። «ወገኖች፣ አልሸሸግኩትም። ዘፈን አልቆብን ነው፤ ካሴቱንም ሳላደምጥ ምሳ ልበላ ሄድኩ» አልኩ። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። አማቴ በበትራቸው ተደግፈው ተነሱ። «ይሄን ያኔ ብትነግረኝ ልጄን አልሰጥህም ነበር» አሉ። አራቱን ልጆቻችንን አንድ በአንድ አዩና «አሁንማ መሸ» ብለው ተቀመጡ።

ይህን ስጽፍ ማርታ ከኋላዬ ሆና አነበበችው። ስለ ሦስቱ ደቂቃ ሁሉም ያመሰግነኛል፤ የልብስ ሰፊው ልጅ ዛሬም ሲያገኘኝ ሰላምታው ሌላ ነው። ስለ ሌላው የሚጠይቀኝ ግን የድምፁ ባለቤት ብቻ ናት። «ሃምሳ ሰባቱስ?» አለችኝ እንደገና፣ መነጽሯን እያወለቀች። ያ ድምፅ የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር፤ አሁን እሷም አታገኘው፣ እኔም አልመልሰው።

ለሙያው ወጣቶች የምላችሁ ይሄን ብቻ ነው። ባዶ ካሴት በእጃችሁ ሳይኖር ቀረጻ አትጀምሩ።