የሰውዬው ጣት አፌ ውስጥ

የያዙኝ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። የጠመኔው ብናኝ ገና ከእጄ አልለቀቀም ነበር። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ፣ አሁን ትመለሳለህ» አሉኝ። ወስደው ያስገቡኝ ሚዛን ከተማ ዳር፣ ድሮ የቡና መጋዘን በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው አሁንም ጆንያ ጆንያ ይሸታል። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን ተቀምጠንም የምናወራው እየተጯጯህን ነበር።

ሰንበት ብሎ ሰውዬውን አመጡት። ጉድ እኮ ነው! በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነስቶ «እንዲህ ዓይነቱን መምህር እስከ መቼ ነው የምንሸከመው?» ብሎ ያስያዘኝ ባለሥልጣን ነው። እሱንም በተራው ገምግመው ወረወሩት። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

ቤቱ የራሱ ሕግ ነበረው። ከየቤታችን የሚመጣው ስንቅ አንድ ላይ ይቀርባል፣ የተኳረፉ ሰዎች ግን እስኪታረቁ ድረስ ከአንድ ትሪ አይቆርሱም። የክፍላችን አለቃ፣ ካቦው፣ ሸዋ ቤንች ላይ ኮረሪማ የሚነግድ ተጫዋች ሰው፣ ሊያስታርቀን ብዙ ለመነ። «ከነቂሜ ልሙት» አልኩት። እኔና ሰውዬው በትሪ ተለያየን።

ፍርድ ቤት ልቀርብ አንድ ቀን ሲቀረኝ ነው። ምሳ ላይ ኮቾ ሳኝክ፣ ጅማ ያስገጠምኩት የመንጋጋዬ ሽፋን፣ ሐኪሞቹ ክራውን የሚሉት፣ ከኮቾው ጋር ተነቅሎ መጣ። ሳልውጠው ለጥቂት ተረፍኩ። ከሥሩ ያለው ጥርስ የተሞረደ ነው፤ አየር በነካው ቁጥር እስከ አናቴ ይወጋኝ ጀመር። ጠበቃ አልነበረኝም። ፖሊስ በየቀጠሮው «ምርመራዬን አልጨረስኩም» እያለ ቀን ያስጨምርብኝ ነበር። ነገ ስለ ዋስትናዬ ራሴ ካልተከራከርኩ ተመልሼ መጋዘኑ ውስጥ ነኝ። አፌን መክፈት ካቃተኝ በምኔ ልከራከር?

በሩን ደበደብኩ።

«ጥርሴን ነው፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱኝ» አልኩት ጥበቃውን።

«ለጥርስ? ነገ ዳኛ ፊት ትቀርብ የለ፣ ለእሱ ንገረው» ብሎኝ ሄደ።

ጉንጬን ይዤ ጥጌ ላይ ቁጢጥ እንዳልኩ ሰውዬው መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«መምህር፣ ሽፋኑን እንዳትጥለው። እኔም ማጂ ስሠራ እንዲሁ ወልቆብኝ ነበር። ሐኪም ጋ እስክደርስ በሰም ነው ያቆየሁት።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ቲቸር፣» አለ ካቦው፣ «ነገም ግድግዳ ልታናግር ነው? ሰውዬው አፍህን ክፈት አለህ እንጂ ልጅህን ዳርልኝ አላለህ!»

ሁሉም ሳቁ። ሕመሙ ባያስጨንቀኝ እኔም ሳልስቅ አልቀርም ነበር።

ካቦው የማሻ ማር ከነሰፈፉ ነበረው። ላኝከው እጄን ስዘረጋ ሰውዬው ያዘኝ። «አንተ አትንካው። ጣፋጭ ከነካው ያሳብድሃል።»

«ማኘኩን ለእኔ ተዉት!» አለ ካቦው። «ለወገኔ ምን የማልከፍለው መሥዋዕትነት አለ?» ዓይኑን ጨፍኖ፣ ማሩ አልቆ ሰሙ ብቻ እስኪቀር አኘከ። ሰሙን ከፔርሙዝ በቀዳነው ሙቅ ውሃ ደጋግመን አጠብነው።

ሰውዬው እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ታጠበ። የሽፋኑን ውስጥ ከመጥረጊያ በመዘዘው ስንጥር ጠራረገው። መጀመሪያ ያለ ሰም ሞከረው፣ የትኛው ጎኑ ወደ ምላስ እንደሆነ ለማወቅ። ከዚያ ጥርሴን በሶፍት አደረቀልኝ፣ ሰሙን በጣቱ አለስልሶ ሽፋኑን ከውስጥ ስስ አድርጎ ቀባው።

«ክፈት» አለኝ። ከፈትኩ።

ሁለት ጣቱን እስከ መንጋጋዬ አስገባ። ያን ጊዜ ነው የመጣልኝ፤ ብነክሰውስ? ያ ሁሉ ንዴቴ፣ ያ ሁሉ ቂሜ፣ እነሆ ጣቱ ጥርሴ መሀል ነው። ቀና ብዬ ዓይኑን አየሁት። እሱም እንደገባው አየሁ። እጁን ግን አላወጣውም። ያ ሲንጫጫ የሚውል ሕዝብ ዙሪያችንን ከቦ እኛን ያያል። እንደዚያ ቀን ተገርሜ አላውቅም። ያሳሰርከው ሰው አፍ ውስጥ እጅህን ከተህ፣ ለራስህ ጣት ሳይሆን ለእሱ ጥርስ እየሳሳህ፣ «አመመህ እንዴ?» ትላለህ? እሱ አለ።

«የለም» ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

«በል ንከስ፣ ቀስ ብለህ።»

ጣቱን እስኪያወጣ ጠብቄ ነከስኩ። ሽፋኑ ገጠመ። አየር ሳብኩ፤ አልወጋኝም።

«በዚህ በኩል እንዳታኝክ። ስትተኛም አውጣው፣ ተኝተህ ትውጠዋለህ። ስትወጣ ግን ቶሎ ሐኪም ጋ ሂድ፣ ይሄ ማቆያ ነው» አለኝና ወደ ቦታው ተመለሰ። ስለ ስብሰባው አንዳች አላለም። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት በቀር አልጨመርኩም።

በማግስቱ ዳኛው ፊት ቆሜ የልቤን ተናገርኩ። ዋስትናዬ ተፈቀደ። ብርድ ልብሴን ልወስድ ስመለስ በሩ ላይ ስንቅ የያዙ ሰዎች ተሰልፈው ነበር። ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፤ ለሰውዬው ብሎ የመጣ ማንም አልነበረም። ወዳጆቹ ፈርተው ሸሽተውታል።

ጥርሴን ጅማ ሄጄ አሠራሁና በተመለስኩ ማግስት ምሳ ዕቃ ይዤ እዚያው ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ስንቅ ያመጣ ሰው ጥበቃው ፊት መቅመስ አለበት። ያው ጥበቃ ነበር።

«ለማን ነው?» አለኝ። ነገርኩት።

«እንዴ! እሱ አይደል እንዴ ያስያዘህ?»

«ነው» አልኩትና ቆርሼ ቀመስኩለት።

እስኪፈታ ድረስ ተመላለስኩ። ዛሬ ከተማ ውስጥ ስንገናኝ ሰላምታችን አጭር ነው። ይቅር ብለኸዋል ወይ የሚሉኝ አሉ። እኔ እንጃ። የማውቀው፣ ያን ሰሞን የእሱን ምሳ ሳላደርስ ማዕድ ከቀረብኩ፣ እህል አልወርድ ይለኝ ነበር።